ያደታ የወቀጠው ገል

ለምወድሽ እህቴ ለፋናዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? ያ ብርድ ሲገባ የሚነሣብሽ የጉልበት ቁርጥማትስ ዘንድሮ ራራልሽ? የምትሠሪላቸው ሰዎችስ ፊታቸው ፈታ ይላል? ዮርዳኖስ በረዶ ጣለ ሲባል ሰምቼ፣ ውይ የኔ እህት ካልሲ ደርባ ይሆን እያልኩ ሳስብሽ ዋልኩ። እኛ፣ እኔም ወርቁም ልጃችን ኪሩም፣ ቆመን እንሄዳለን፣ ተመስገን። ወርቁ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ እሱን እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጎረቤታችን ስለ አጸደ ልንገርሽ፣ እሱ ካልተነገረ ሌላው አይገባሽም። ልጇ ኡርጂ ከሆስፒታል ከወጣች ወር አልፏታል። እግሯ አሁንም ይዝላል፣ ከአጥሩ እስከ ውኃው ቦኖ ስትሄድ ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች፣ ግን መሳቅ ጀምራለች፤ የፊት ጥርሷም በቅሏል። አጸደ ራሷ ከስታ ቀሚሷ እንጨት ላይ የተሰቀለ መስሏል። ባሏ ኦቦ ዲሪርሳ ሰው ዓይን ማየት አቅቶት ውሎው ማሳው ውስጥ ሆኗል። አጥራችን አንድ ነው፣ የነሱ ላም ስታገሳ የኛ ዶሮ ትደነብራለች፤ ሆኖም ከታኅሣሥ ወዲህ እኔና አጸደ አንዲት ቃል አልተለዋወጥንም። እስከ ዛሬ ጠዋት ማለቴ ነው። የዛሬውን መጨረሻ ላይ አደርስሻለሁ።

አንቺ በስልክ ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንዱ፣ ዓርብ ዓርብ በዕረፍት ቀንሽ የጀመርሽው የሸክላ ትምህርት ነው። አስተማሪዋ «በየአገራችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ስትል አፍሽ ተያዘ፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ሆነሽ ቃሉ ጠፋብሽ። እንዴት አይጠፋብሽ፣ ጭቃው እንዳይነካሽ ከእማዬ እጅ ስትሸሺ አይደል ያደግሽው? አትቆጪ፣ አልተቀየምኩም። ሁለተኛው ጥያቄሽ ከበደኝ። «እትዬ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች ብዬ ልናገር ወይስ ዝም ልበል? እዚህ ያሉት የአገራችን ልጆች ይሰማሉ» አልሽኝ። ያን ቀን ዝም ያልኩሽ መስመሩ ተቋርጦ አይደለም። ወርቁ ጎኑን በጨርቅ ታስሮ አጠገቤ ተኝቶ ነበር።

ሩቲ፣ የኪሩ ጓደኛ፣ በሚመጣው ሳምንት ወደ እናንተ ስለምትበር ይህን በእጇ እልካለሁ። እጄ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ እጅ ነው፣ ፊደሉን ታገሺኝ። ወርቁ «ሁዳዴ ሳይገባ ጓዛችንን ጠቅልለን ሱሉልታ ወንድሜ ጋ እንሂድ፣ እዚያ ማንም አያውቀን» ይላል። እኔ ገና አልቆረጥኩም። ከታኅሣሥ 17 ጀምሮ ጭቃ በእጄ አልነካሁም። ሁዳዴ ደግሞ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

እንግዲህ ከአፈሩ ልጀምርልሽ። አፈር ሁለት ዓይነት ያስፈልጋል። አንዱ ጥቁር፣ ጣት ላይ የሚጣበቀው፣ ከተፍኪ መንገድ ግራ እማዬ ትቆፍርበት ከነበረው ጉድጓድ የምናመጣው ነው። ሌላው ቀይና ሻካራ ነው። ጥቁሩ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቀዩ ብቻውን ደግሞ እጅ አይታዘዝም። ሁለቱም ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፣ በዱላ ይደበደባሉ፣ ይነፋሉ፣ ውኃ ውስጥ ያድራሉ። ከዚያ ረገጣ ነው። «ረገጣ» ብለሽ ጻፊላት ለአስተማሪሽ። በተረከዝ፣ ከዳር ወደ መሐል፣ ጭቃው ከእግርሽ ሥር ጯ ማለቱን እስኪተው ድረስ። ድምፅ ካለው ውስጡ አየር ቀርቷል፤ አየር የቀረበት ዕቃ እሳት ላይ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም ብቻውን አይሞትም፣ ጎኑ ያሉትን ይዞ ነው። እማዬ «ለጭቃ አትዘኑለት፣ ዛሬ ካልመታችሁት ነገ እሱ ይመታችኋል» ትለን አልነበር? ሥራችን ከጥንቱም ድብደባ ነው እህቴ። ሰው በሰው ላይ ሲያደርገው ነው ያስደነገጠኝ።

አስተማሪሽ የሚሽከረከር መሣሪያ አላት አልሽኝ። እኛ ጋ የሚሽከረከረው ሰው ነው፤ ጭቃው ተቀምጦ እኔ ጎንበስ ብዬ እዞረዋለሁ፣ ወገቤን ምን በላው ትያለሽ። ድቡልቡሉን ጭቃ መሐሉን በቡጢ ትበሺዋለሽ። ከዚያ አንድ እጅ ከውስጥ፣ አንድ እጅ ከውጭ ሆኖ ወደ ላይ እየሳብሽ ጎኑን ታሳድጊዋለሽ። ትልቅ ጋን ከሆነ ጭቃውን እንደ እባብ አድቦልቡለሽ በላይ በላዩ ትጠመጥሚያለሽ፤ እኛ ቤት ጥምጥም ነው የምንለው። ውስጡን በቅል ስባሪ ትፍቂዋለሽ። ጥላ ሥር ይውላል፣ ያድራል፤ ፀሐይ አይወድም ገና ነው። ጥፍርሽን ስትጫኚው ምልክቱን ይዞ የማይጣበቅ ሲሆን፣ ያኔ እንደ ቆዳ ጠንክሯል ማለት ነው፣ ማለስለሻውን ታነሺያለሽ።

ማለስለሻውን ታውቂዋለሽ። የእማዬ ድንጋይ፣ ከአዋሽ ዳር ያገኘችው፣ የእርግብ እንቁላል የሚያህለው አይደለም፣ ትልቁ፣ እጅ ሙሉ የሚይዘው ጥቁሩ። በሱ ስታሺው የጭቃው ቀዳዳ ይዘጋል፣ ያበራል። እናንተ ጋ መስታወት የሚመስል ቅባት ቀብተው ድጋሚ ይተኩሱታል አልሽኝ፣ ያ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የኛ ግን ከለሰለሰ በኋላም፣ ከእሳት ከወጣ በኋላም፣ ገዢዋ ቤቷ ወስዳ ካላሟሸችው ይጠጣል። ዘይት ታሸዋለች፣ ውኃ ታፈላበታለች፣ ትደፋለች፣ ትደግማለች፤ ሆዱ እስኪሞላ። ያልተሟሸ ሸክላ መጀመሪያ ያገኘውን ነገር ይጠጣል፣ የጠጣውን ደግሞ እሳት ሲነካው ይተፋዋል። ይህን አጥብቀሽ ያዢልኝ፣ የደረሰብን ነገር በሙሉ ከዚህ ነው የመጣው።

አጸደ ኅዳር መጨረሻ ላይ ድስት ገዛችኝ፣ ለገና ዶሮ ብላ። «አሟሽተሽ ነው ታዲያ» አልኳት። እኔ ላሟሽላት አልችልም፤ ደንቡን ታውቂው የለ? የሠራነውን ይገዙናል፣ አፋችን የነካውን ግን ማን ቤቱ ያስገባዋል? ድግስ ላይ ለኛ ለብቻ ሳህን ሲሰጡን አድገን፣ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲሉን ስቀን አድገን። እና ያን ቀን ኡርጂ እናቷን ተከትላ መጥታ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ስትስቅ በክፍተቱ ምላሷ ብቅ እያለ፣ እኔ ሞኟ «ውይ ሳቅ! እንዴት ያምራል!» አልኩ። ቱ ቱ አላልኩም። በስመ አብ አላልኩም። የአጸደ ፊት ልውጥ ሲል አየሁት። ልጇን ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገቻት፣ ሄዱ።

አጸደ ድስቱን ሳታሟሸው ለገና ብላ ጓዳ አኖረችው። ኦቦ ዲሪርሳ ሽምብራው ትል ፈልቶበት ነበር። የመድኃኒት መበጥበጫ ባልዲው ተሰንጥቆ ሲያፈስበት፣ ጓዳ ገብቶ ድስቱን አነሣና የትል መድኃኒቱን፣ ማላታይኑን፣ በሱ በጠበጠው። ሲጨርስ በኦሞ ሦስት ጊዜ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደፍቶ፣ ወደ ቦታው መለሰው። በአዲስ ዕቃዋ ትጮህብኛለች ብሎ ለሚስቱ አልነገራትም። ብረት ቢሆን መታጠብ ይበቃው ይሆናል፤ ያልተሟሸ ሸክላ ግን መጠጣቱን ጠጥቷል። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ለአንቺ አስቀድሜ የነገርኩሽ ግራ እንዳይገባሽ ነው።

ታኅሣሥ 17 ሐሙስ የእሳት ቀን ነበር። ለገና ገበያ ሠላሳ ሰባት ዕቃ አድርሼ ነበር፤ ድስት፣ ጀበና፣ ለቡራዩዋ ምግብ ቤት የታዘዘ ሁለት ጋን። እሳት ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ከሩቅ ታሞቂዋለሽ፣ ውስጡ የቀረች እርጥበት እንድትወጣ። ከዚያ እንጨትና ኩበት ትደለድያለሽ፣ ዕቃውን አፉን ደፍተሽ ትከምሪያለሽ፣ በላዩ ኩበት፣ በላዩ ጭድ፣ ንፋስ በሚመጣበት በኩል ሰባራ ገል ታስደግፊያለሽ። እናንተ ጋ በር ያለው የእሳት ቤት አለ አልሽኝ፤ የኛ ሜዳ ላይ ነው። ወርቁ ረጅሙን እንጨት ይዞ እየቆሰቆሰ፣ እኔ ለሚቀጥለው እሳት የምትሆን ጀበና በማለስለሻው እያሸሁ ነበር። የጎማ ጭስ ሸተተኝ። እኛ ጎማ አናነድም።

ጭሱ ከነአጸደ ቤት ነበር። አጸደ ያን ቀን ቦኖው ላይ ወረፋ ይዛ ስለቆየች፣ ኡርጂ እርቧታል ብላ ጓዳ ያለውን ድስት አንሥታ ጎመን ቀቀለች። ልጅቷ በላች፤ አጸደም ቀመሰች። ግማሽ ሰዓት አልቆየም፣ ልጅቷ ለሃጯ ወረደ፣ አረፋ ደፈቀች፣ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። አጸደ ራሷ እያስታወከች «ጥርሷን አይታባት ነበር፣ ጥሩሰው ሳቋን አድንቃባት ነበር» አለች። ስሜን መጀመሪያ ያነሣችው እሷ ናት። ከዚያ የባሏ ወንድም ያደታ ጎማ አቀጣጥሎ ልጅቷን በጭስ እያፈናት «ማን በላሽ? ተናገሪ!» ሲል፣ ኡርጂ «እትዬ ጥሩ… እትዬ ጥሩ» አለች አሉ። ልጅ ሲጨንቃት የምታውቀውን ሰው ነው የምትጠራው። ምናልባት ድረሽልኝ ማለቷ ነበር። እነሱ ግን ቡዳዋ ተናገረች አሉ።

ዘጠኝ ሆነው አጥሩን ጥሰው ገቡ። በሩ ክፍት ነበር እኮ ፋናዬ! በበር መግባት ይችሉ ነበር። ያደታ የመጀመሪያውን ጋን በእግሩ መታው። ጋን ሲሰበር ሰምተሽ ታውቂያለሽ፤ ሰው የሚያቃስት ይመስላል። ከዚያ ማን የቱን እንደሰበረው አላየሁም። እሳቱን በእንጨት በተኑት፣ የጋለውን ዕቃ ሜዳ ላይ እያንከባለሉ በድንጋይ አፈረሱት፤ ብርድ ሲነካው ገና ሳይመቱት የሚፈነዳው ፈነዳ፣ ስባሪው የአንዱን ልጅ ቅልጥም ቀደደው፣ «አያችሁ! ዕቃዋም ይናከሳል!» ብሎ ጮኸ። ወርቁ «ወንድሞቼ፣ ተረጋጉ፣ ልጅቷን ወደ ሐኪም…» ብሎ ሳይጨርስ ዱላው ጎኑ ላይ አረፈ። ሁለት የጎን አጥንት ነው የተሰበረው። ሲወድቅ መዳፉን ፍሙ ላይ ተደግፎ ወደቀ። የሥጋው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ያደታ ወደኔ ሲመጣ የእማዬ ድንጋይ በእጄ ነበር። አፉን መታሁት። ሁለት ጥርስ ከምራቁ ጋር ተፋ። እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለንስሐ አባቴም ገና አልነገርኩም፤ ደስ አለኝ። ድንጋዩ ጥርስ ላይ ሲያርፍ እጄ የተሰማው ነገር ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩት መሰለኝ። ደግሜም ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር፣ ከኋላዬ ፀጉሬን ባይዙኝ።

በፀጉሬ ጎትተው ወደ ልጅቷ ወሰዱኝ። ከንፈሬ ተተርትሯል፣ አንድ ዓይኔ አያይም። «እንትፍ በይባት! የበላሻትን መልሺ!» ይላሉ። በላይዋ አስጎነበሱኝ። ያኔ ነው አፍንጫዬ ያተረፈኝ። ጎማውን አልፎ፣ ከኡርጂ አፍ የሚወጣው ትንፋሽ የሽምብራ ማሳ ሸተተ፤ ያ የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት የሚመስለው፣ በመርጫ ሰሞን ከነፋሱ ጋር ቤታችን የሚገባው። የዓይኗን ብሌን አየሁት፣ መርፌ ጫፍ አክሏል። ዞር ስል ድስቴ ጉልቻ ላይ ነው። የእጄን ሥራ አላውቅም? እንዳልተሟሸ ከሩቅ ያስታውቃል። ከያዙኝ እጆች ተመንጭቄ ድስቱን ከነጎመኑ አነሣሁና ደፉ ላይ ፈጠፈጥኩት።

እንዴት እንደመቱኝ ተዪው። እኔ ስባሪውን ይዣለሁ። ገል ጥሩ ከተተኮሰ ስብራቱ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ ለአስተማሪሽ ይህንንም ንገሪያት፣ ዕቃ የሚታወቀው ሲሰበር ነው። የዚህ ግን ከውስጥ በኩል እስከ ግማሹ ጠቁሮ ወዝቷል፣ ትኩስ ስለነበር ሽታው እንደ ጢስ ይወጣል። ያደታ አፍንጫ ላይ ደቀንኩበት፣ «አሽትተው! የኔ ዓይን ነው ወይስ የሽምብራ መድኃኒት?» አልኩት። በጥፊ አጮለኝ። ወደቅሁ፣ ገሉን ግን አልለቀቅሁም።

ያኔ ትንሳኤ ደረሰች። ትንሳኤ ጤና ኬላችን የምትሠራ ልጅ ናት፤ ኪሩዬ አጥር ዘልላ በባዶ እግሯ ሮጣ ጠርታት ነው። ትንሳኤ ገሉን ከእጄ ተቀብላ አንዴ አሸተተች፣ የልጅቷን ዓይን ገለጠች፣ «በዚህ ዕቃ መድኃኒት የበጠበጠ ማነው?» አለች። ኦቦ ዲሪርሳ ከማሳ ተጠርቶ በሩ ላይ ደርሶ ነበር፣ መርጫው እንደታዘለ ጀርባው ላይ። ገሉን አየ፣ ልጁን አየ። «ዋቆ! አምላኬ! እኔ ነኝ። አጥቤዋለሁ እኮ፣ ሦስቴ አጥቤዋለሁ» እያለ ግንባሩን ከምሰሶው ጋር ያጋጭ ጀመር። ያን ሁሉ ሰው ማን ዝም እንዳሰኘው ታያለሽ? የኔ ለቅሶ አይደለም። የራሳቸው ሰው ቃል ነው።

ኡርጂንና አጸደን በባጃጅ ጭነው ወሰዷቸው። ወርቁን ለመውሰድ ሌላ ባጃጅ እስኪመጣ፣ እኔ በተሰባበረ ዕቃ መሐል ቁጭ ብዬ ራሱን ጭኔ ላይ ይዤ፣ ያ ቅልጥሙ የተቀደደው ልጅ ብቻ አልሄደም፣ ቆሞ ያየኛል። «እትዬ፣ ውኃ ላምጣ?» አለኝ። «በምን ታመጣለህ? ሁሉን ሰብራችሁት» አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ።

ፖሊስ መጥቶ ቃላችንን ጽፏል፣ ያደታም ታስሮ ወጥቷል፣ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ከዚያ ኦቦ ባጫ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ሌሎች አስከትለው መጡ። እሳቸው እንደምታውቂያቸው ነገር አያጣድፉም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ጠይቀው ጠይቀው፣ «አዴ ጥሩ፣ ካሳሽ ምን ይሁን?» አሉኝ። «አባቴ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን እንዳልል፣ ብር ሰጥተው ነገሩን እንዲረሱት አልፈልግም። ገሉን ያደታ ይወቅጥልኝ» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ባጫ ጢማቸውን ይዘው «ዱላም ከሚወርድበት ይሄ ይብሳል» አሉ። ተስማሙ።

አሁን ስለ ገል ልንገርሽ፣ ለጀማሪ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። አዲስ ጭቃ ብቻውን እሳት አይችልም፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲግል ይተረተራል። አንዴ ተተኩሶ የተሰበረ ዕቃ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይረገጣል፤ ለሦስት እፍኝ ጭቃ አንድ እፍኝ ገል። እናንተም ጋ ስም አያጣም፣ አስተማሪሽን ጠይቂያት። መወቀጡ ግን እጅ ይልጣል፣ ትቢያው ሳንባ ይገባል፤ አፍሽን በጨርቅ እሰሪ።

ያደታ ስድስት ቀን ወቀጠ። ግቢያችን የገበያው መንገድ ላይ ነው፣ አጥሩ ደግሞ በእጃቸው ፈርሷል፣ ያለፈ ያገደመው ያየዋል። ሴቶቹ መሳለቂያ አደረጉት። «ያደታ፣ በርበሬው ላመልህ?» ትላለች አንዷ። ሌላዋ «ቀስ በል፣ የቀሩትንም ጥርሶች እንዳትወቅጣቸው!» ትላለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይወቅጣል። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ፤ ወርቁ ከውስጥ ሙቀጫው በተመታ ቁጥር ያቃስታል፣ ጎኑን የሚመታው ይመስለዋል። በስድስተኛው ቀን መዳፉ ተልጦ ጨርቅ ጠቅልሎበት፣ ሲጨርስ ፊቴ ቆመና በዚያ በተሸነቆረ አፉ «ይህን ሁልጊዜ ነው የምትሠሩት?» አለኝ። «ከእናቴ ጀምሮ» አልኩት። ይቅርታ አላለም፤ እኔም ስለ ጥርሱ ይቅርታ አላልኩም። ሦስት ከረጢት ገል ደጃፌ አቁሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከረጢቶቹን እያየሁ እገባለሁ እወጣለሁ። ወርቁ «ይደፋና እንሂድ» ይላል። ሱሉልታ ማንም አያውቀን ይላል፤ ጥፍሬ ሥር ያለውን ጭቃ የት ልደብቀው? ደግሞ በስውር ልኑር ብል ኪሩ እንዳንቺ ቃሉን ረስታ ታድጋለች።

እና ዛሬ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ልጽፍልሽ ስቀመጥ፣ አጸደ በበሩ መጣች። ኡርጂን ደግፋ፣ ጎመን ዘር በላስቲክ ቋጥራ። ቆመች። «አካም ቡልቴ» አለች፣ «ደኅና» አልኩ። ሁለታችንም ከረጢቶቹን አየን። ከዚያ «ስምሽን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለች። «አውቃለሁ» አልኳት። «ድስት ሥሪልኝ» አለች። «ሠርቼልሽ ነበር» አልኳት፤ መጥፎ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ። አላለቀሰችም፣ ለማሟሻ ያመጣችውን ጎመን ዘር በረንዳው ላይ አስቀመጠችና «አንቺው አሟሺልኝ፣ በራስሽ እሳት። መጀመሪያ አንቺ ብይበት፣ ከዚያ ለኛ አምጪልን» አለች። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። እማዬ ይህን ሳትሰማ ሞተች፣ እሱ ነው ያንገበገበኝ።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ መልሴ ይኸውልሽ፦ ንገሪያቸው። የሚጠላሽ ይጥላሽ፤ እናትሽ ማን እንደነበረች ከሌላ አፍ ከሚሰማ ከአንቺ ይስማ። ማለስለሻውን እልክልሻለሁ ብዬ ነበር፣ ይቅር በይኝ፣ አልላክሁትም። በሱ ያደረግሁት ነገር አለ፣ ሌላም እንዲያደርግ እፈልጋለሁ፤ የአጸደ ድስት ይጠብቀዋል። በሱ ፈንታ ሩቲ አንዲት ትንሽ ጣሳ ትሰጥሻለች። ዱቄቱ ያደታ የወቀጠው ገል ነው። ከጭቃሽ ጋር ርገጪው፣ እሳት ይችልልሻል። አስተማሪሽ ከየት ነው ካለችሽ ከሰበታ ነው በያት።

ጭቃውን ማታ ውኃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ወርቁ ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ በኋላ ደግሞ «እኔ መርገጥ አልችልም፣ ጎኔ ነው፣ ኪሩ ትርገጥልሽ» አለ። እንቢ አለማለቱ ነው። ሰላም ብሎሻል። ኪሩ «አክስቴ የሠራችውን ዕቃ ፎቶ ትላክልኝ፣ ቢጣመምም አልስቅም» ብላለች፣ ትስቃለች። ትንሳኤ መጥታ የወርቁን መዳፍ አይታ «ቆዳው ይዟል» አለች፣ ለአንቺም «በርቺ» አለች። ኦቦ ባጫ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ከረጢቱ መፈታቱን አይተው «እሰይ፣ እንግዲህ አጥሩን ደግሞ ባፈረሱት እናሠራዋለን» አሉ፣ ከነልጆቻቸው ሰላምታ ልከውልሻል። ያደታ አልመጣም።

አጸደ ስትወጣ ኡርጂ እጇን አስለቀቀችና ወደኔ ተመልሳ፣ አፏን ከፍታ «እትዬ ጥሩ፣ ጥርሴ በቀለ፣ እይልኝ» አለችኝ። እናቷን አየኋት። አጸደ ቆማለች፣ አልሳበቻትም። ጎንበስ ብዬ አየሁላትና «እንዴት ያምራል!» አልኳት፣ ጮክ ብዬ።

እህትሽ ጥሩሰው

ሰበታ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.